ባለ አንድ ፎቅ ቤት በእንግሊዝኛ ስንት ነው? የአምስት ቀን የሐዋሳ ጉዞ ማስታወሻ

አንደኛ ቀን፦ መንገዱ

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። መንገዱ ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ይታጠፍና በመቂ፣ በባቱ፣ በአርሲ ነገሌና በሻሸመኔ አድርጎ ይወስዳል። ማስታወሻው የተያዘው እንግሊዝኛ ለሚማሩ ሰዎች ነው። ስለ ቤት፣ ስለ ድልድይ፣ ስለ አጥር ሲያወሩ የሚያደናቅፏቸው ቃላት ብዙ አይደሉም፤ ግን ሁልጊዜ እነዚያው ናቸው። አንዳንዱ ስህተት የሚመጣው አማርኛ በአንድ ቃል የሚጠራውን እንግሊዝኛ ለሁለት ስለሚከፍለው ነው። ሌላው ደግሞ የግንባታ ሠራተኛው ከጣሊያንኛ የወረሰው ቃል ከእንግሊዝኛው ጋር በድምፅ ተመሳስሎ በትርጉም ስለሚለያይ ነው። ስለዚህ በየደረስንበት መጀመሪያ የምናየው ዕቃው የሚሠራውን ነው፦ ምን ይሸከማል? ምን ይከለክላል? ምን ያሳልፋል? ስሙ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ሞጆን እንዳለፉ የቆቃ ሐይቅ አለ። ሐይቁን የፈጠረው አዋሽ ላይ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ ነው። ይህ በእንግሊዝኛ «ዳም» ይባላል፤ ወንዙን ከዳር ዳር ዘግቶ ውሃውን ከኋላው ያጠራቅማል። ቃሉ እዚህ ላይ በደንብ ይያዝ፤ በአምስተኛው ቀን ሐዋሳ ሐይቅ ዳር የምናገኘው ግድብ ዳም አይደለምና።

ከቆቃ በኋላ መኪናው ብዙ ድልድይ ይሻገራል። ከድልድዮቹ የሚበዙት ግን ተሳፋሪው ልብ ሳይላቸው የሚያልፉት ከአስፋልቱ ሥር የተቀበሩ የውሃ ማሳለፊያዎች ናቸው። ድልድዩ «ብሪጅ» ነው። መኪና የሚሄድበት ወለሉ «ዴክ»፣ መሀል ወንዝ የቆመው እግሩ «ፒር»፣ ዳርና ዳር ወለሉን ተቀብሎ አፈሩንም የሚገፋው ግንብ «አበትመንት» ይባላል። የተቀበረው ማሳለፊያ «ካልቨርት» ነው፤ ቱቦ ወይም የኮንክሪት ሳጥን ሆኖ በላዩ አፈር ተሞልቶበት መንገዱ ያልፍበታል። የሚበላሹበት መንገድም ይለያያል። ካልቨርት አፉ በቅርንጫፍና በደለል ይዘጋና ጎርፉ በመንገዱ ላይ ሲፈስ አፈሩን ጠርጎ ይወስደዋል። ብሪጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ከሥር ነው፤ የፈጠነ ውሃ ፒሩ የቆመበትን አፈር ይቆፍረዋል፤ እንግሊዝኛው ለዚህ ጉዳት «ስካወር» የሚል የራሱ ቃል አለው።

ማታ መናኸሪያ መድረስ ነው። መናኸሪያ «በስ ስቴሽን» ነው፤ መንገድ ዳር ቆሞ ተሳፋሪ የሚጫንበት ፌርማታ «በስ ስቶፕ» ነው። አገልግሎቱ የቀረበ ቢሆንም አንዱ ግቢና ሕንፃ አለው፣ ሌላው የመንገድ ዳር ነጥብ ነው።

ሁለተኛ ቀን፦ ከታቦር ተራራ ሥር ያሉ ግቢዎች

ጠዋት ባጃጅ ይዞ ወደ ታቦር ተራራ አቅጣጫ፣ ከዚያ በእግር። እዚህ ሰፈር የጭቃ ቤትና የብሎኬት ቤት አጥር ለአጥር ተጎራብተው ስለሚገኙ ለማነጻጸር ይመቻል።

ገና ከውጭ ሁለት ነገር አለ። አማርኛ የአጥሩንም የቤቱንም «በር» ይላል። በእንግሊዝኛ የአጥሩ «ጌት»፣ የቤቱ «ዶር» ነው። በላሜራና በቱቦላሬ የተሠራ ትልቅ የግቢ መዝጊያን ዶር ያለ ተማሪ፣ ሰሚው ሳሎን ድረስ የገባ ይመስለዋል። አጥርም እንዲሁ ነው፤ ከሽቦ፣ ከእንጨት ወይም ከቆርቆሮ ከሆነ «ፌንስ»፣ በድንጋይ ወይም በብሎኬት ከተገነባ ግን «ዎል» ነው። ግቢው «ኮምፓውንድ» ይባላል። ከኋላ ያለውን ሰርቪስ ቤት «ሰርቪስ» ቢሉት እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሚረዳው አገልግሎት ነው እንጂ ቤት አይደለም፤ «አውትቢልዲንግ» ይሻላል። በረንዳውን «ቬራንዳ» ማለት ትክክል የሚሆነው መሬት ላይ ሲሆን ነው፤ ፎቅ ላይ ወጣ ያለው «ባልኮኒ» ይሆናል።

የጭቃ ቤት እንግሊዝኛው «ዋትል ኤንድ ዶብ» ነው። «ዋትል» ማገሩንና እንጨቱን፣ «ዶብ» ምርጊቱን ይመለከታል። አሠራሩ ሲታይ ስሙ ግልጽ ይሆናል፦ ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይቆፈራል፣ የባህር ዛፍ እንጨት ተጠጋግቶ ይተከላል፣ ማገር በውስጥም በውጭም አግድም ይመታል። ጭቃው ከጭድ ጋር ተለውሶ ለቀናት ይቦካል፤ እየተረገጠ ውሃ ይጨመርበታል። ጭዱ ጭቃው ሲደርቅና ሲኮማተር እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል። የመጀመሪያው ምርጊት መሰንጠቁ አይቀርም፤ ስንጥቁ ጨርሶ ሳይወጣ በችኮላ ሁለተኛውን የደረበ ሰው ስንጥቁን ግድግዳው ፊት ላይ ያገኘዋል።

ይህ ቤት የሚሞተው ከእግሩ ነው። እንጨቱ መሬት ገብቶ አየርና እርጥበት በሚገናኙበት፣ አፈሩ ላይ ባለው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ላይ ይበሰብሳል፤ ምስጥም የሚገባው በዚያው ነው። የተቃጠለ ዘይት መቀባት ጊዜውን ያራዝማል፤ ከዘይቱ ይልቅ የሚጠቅመው ግን ጣሪያው ከግድግዳው ወጣ ብሎ ዝናቡን ማራቁና ዙሪያው በድንጋይ ከፍ መደረጉ ነው። ወጣ ያለው የጣሪያ ክፍል «ኢቭ»፣ ከፍ ያለው የድንጋይ መነሻ «ፕሊንዝ» ነው።

ጎረቤት ያለው የብሎኬት ቤት ነው። ብሎኬት «ሆሎው ብሎክ» ይባላል፤ «ሆሎው» መሀሉ ባዶ ማለት ነው። ርዝመቱ 40፣ ቁመቱ 20 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ውፍረቱ 20፣ 15 ወይም 10 ይሆናል። ፊቱ 40 በ20 ስለሆነ ለ1 ካሬ ሜትር 12.5 ብሎኬት ይገባል፤ ለተሰባሪው ጨምሮ 13 ማሰብ የተለመደ ነው። በስምጥ ሸለቆው አካባቢ ፑሚስና ቀይ ስኮሪያ የተባሉ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ስለሚገኙ ቀላል ብሎኬት መሥራት ይቻላል። ቀላልነቱ ግን ጥንካሬውን አይነግርም። ተመርቶ ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ ያልጠጣ ብሎኬት ጥፍር ሲያገኘው ይፈረፈራል፤ ይህ ውሃ የማጠጣት ሥራ «ኪዩሪንግ» ነው፣ ሕመም ከማዳን ጋር አንድ ቃል።

ጣሪያው ላይ ተማሪውም ባለቤቱም የሚሳሳቱበት ቁጥር አለ። የቆርቆሮ ጌጅ ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፤ 28 ጌጅ ከ32 ጌጅ ይወፍራል። ሚስማሩ የሚመታው በሞገዱ ጀርባ ላይ ነው፤ ጀርባው «ክሬስት»፣ ሸለቆው «ትራፍ» ይባላል። ትራፍ ላይ የተመታ ሚስማር ውሃ በሚወርድበት ቦይ ላይ ቀዳዳ መክፈት ነውና ከዓመት በላይ ሳያፈስ አይቆይም። ቆርቆሮ በርዝመቱ ሲደራረብም 15 ሴንቲ ሜትር ካልሞላ ንፋስ ያዘለ ዝናብ ወደ ላይ ይገባል። ከሥሩ ያለው ቆርቆሮው የሚመታበት እንጨት፣ ሞራሌ፣ በእንግሊዝኛ «ፐርሊን» ነው። «ሞራል» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ስለ መንፈስና ስለ ወኔ ስለሚናገር አናጢውን ሞራል አለህ ወይ ብሎ መጠየቅ ሌላ ወሬ ይከፍታል። አሸንዳው «ገተር»፣ ከአሸንዳው ወደ መሬት የሚወርደው «ዳውንፓይፕ» ነው።

ውስጥ ገብተው ቀና ሲሉ ትልቁ ወጥመድ አለ፤ ኮርኒስ። እኛ ኮርኒስ የምንለው ሙሉውን የክፍሉን የላይ ሽፋን ነው፤ እንግሊዝኛው «ሲሊንግ» ይለዋል። እንግሊዝኛም «ኮርኒስ» የሚል ቃል አለው፤ እሱ ግን ቤት ውስጥ ሲሆን ግድግዳውና ሲሊንጉ በሚገናኙበት ጥግ ዙሪያውን የሚሄደው ጌጥ ብቻ ነው። ኮርኒሴ ወደቀ ብሎ በእንግሊዝኛ የጻፈ ሰው የወደቀበት ጌጥ ነው ተብሎ ነው የሚነበብለት።

ግቢው ውስጥ ከፍ ባለ ብረት ላይ የተቀመጠችው ሮቶ በስሟ የምትታወቀው እኛ ጋ ነው፤ በእንግሊዝኛ «ወተር ታንክ» ይበሉ፣ መቆሚያዋን «ስታንድ»። 2,000 ሊትር ስትሞላ ውሃው ብቻ 2 ቶን ነው። ይህን ክብደት መቆሚያው ይሸከመው ዘንድ የአራቱ እግሮች መነሻ በኮንክሪት መያዝ አለበት፤ አንዱ እግር ከሰመጠ ሁሉም ይጋደላል። የውሃው ግፊት የሚገኘው ከከፍታው ነው፤ 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ያህል ይሰጣል። ከሻወሩ 3 ሜትር ብቻ ከፍ ያለች ሮቶ የምትሰጠው 0.3 ባር ነውና ሻወሩ ደከመ ተብሎ ቧንቧ ቢለወጥ ለውጥ አይመጣም።

ሦስተኛ ቀን፦ ፒያሳ፣ በግንባታ ላይ ያለ ሕንፃ

ከቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አደባባይ አንስቶ በፒያሳ በኩል የሚታዩት ሕንፃዎች ብዙዎቹ አንድ ዓይነት አፅም አላቸው። አፅሙን ለማየት ያላለቀውን መፈለግ ነው። ሳይት ሲገቡ ፎርማኑን ማስፈቀድ ግድ ነው፤ «ጋሼ፣ ለትምህርት ነው፣ ከዳር ሆነን እንይ?» ማለት ይበቃል። ሄልሜት ያለው ሄልሜቱን አድርጎ ይግባ፣ የሌለው ከደጅ ሆኖ ይይ።

በቅድሚያ የፎቁ ሂሳብ። አማርኛ ባለ አንድ ፎቅ ሲል ምድር ቤቱን አይቆጥርም፤ መሬት ላይ ያለው እንዳለ ሆኖ በላዩ አንድ አለ ማለቱ ነው፣ ጂ ፕላስ ዋን። እንግሊዝኛ ግን «ስቶሪ» ብሎ ሲቆጥር ከመሬት ይጀምራል፤ ስለዚህ ባለ አንድ ፎቅ ቤታችን «ቱ ስቶሪ ሃውስ» ነው። ጂ ፕላስ ፎር የሆነው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ «ፋይቭ ስቶሪ ቢልዲንግ» ይሆናል። የሚያምታታው ይህ ብቻ አይደለም። «ፈርስት ፍሎር» በብሪታኒያ እንግሊዝኛ ልክ እንደኛ አንደኛ ፎቅ ነው፣ በአሜሪካ ግን ምድር ቤቱ ራሱ። ለቀጠሮ ቦታ ሲሰጡ «ግራውንድ ፍሎር» የሚለውን መጥራት ከስህተት ያድናል። ፎቅ የሆነው «ስቶሪ» እና ታሪክ የሆነው «ስቶሪ» ድምፃቸው አንድ ነው፤ በብሪታኒያ አጻጻፍ ግን ፊደላቸው ይለያል።

አሁን አፅሙ። ክብደቱ ከላይ ወደ ታች የሚሄድበትን መንገድ ይከተሉ። ሰውና ዕቃው የሚያርፈው ሶሌታው ላይ ነው፣ «ስላብ»። ስላቡ ወደ አግዳሚው ያስተላልፋል፣ «ቢም»። ቢሙ ወደ ቋሚው፣ «ኮለም»። ኮለሙ ወደ መሠረቱ እግር፣ «ፉቲንግ»፣ ፉቲንጉ ወደ አፈሩ። ኮለም ሲጻፍ መጨረሻው ላይ «ን» አለ፣ ሲነገር ግን አይሰማም። አማርኛ ምሰሶ ብሎ የሚጠቀልለውን እንግሊዝኛ ይበትነዋል፦ ሕንፃ የሚሸከመው ኮለም፣ የመብራቱ ረጅም ቀጭን እንጨት «ፖል»፣ መሬት የተተከለው የአጥር እንጨት «ፖስት» ነው። በኮለሞቹ መካከል ብሎኬት የተሞላው ግድግዳ እንዲህ ባለ ሕንፃ ላይ የሚሸከመው ራሱን ነው፤ «ፓርቲሽን» የተባለውም ክፍልን ከክፍል ስለሚከፍል ነው። ተከራይ ግድግዳ ላፍርስ ሲል የሚጠየቀው ይህ ነው፤ የሚሸከም ነው ወይስ የሚከፍል?

የፌሮ ሥራው ዘንድ ቆም ማለት ያስፈልጋል፣ እዚህ ላይ የሚሠራ ስህተት በኋላ አይታይምና። ፌሮ «ሪባር» ነው። ቋሚዎቹን ዘንጎች ዙሪያቸውን የሚያቅፈው አራት ማዕዘን ቀለበት ስታፋ ነው፤ ጣሊያንኛው ስታፋ የፈረስ እርካብም ማለት ነው፣ እንግሊዝኛውም «ስተረፕ» ሲል እዚያው እርካቡን ነው የሚጠራው። ሥራው ቋሚው ዘንግ ክብደት ሲበዛበት ወደ ውጭ እንዳይጎብጥ ማቀፍ ነው። ሐዋሳ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ስላለች የመሬት መንቀጥቀጥ የሚታሰብባት ከተማ ናት፤ ስለዚህ ኮለም ከቢም ጋር በሚገናኝበት አካባቢ ስታፋዎቹ ከመሀሉ ይልቅ መቀራረብ አለባቸው፣ ጫፋቸውም 135 ዲግሪ ተጠምዝዞ ወደ ኮንክሪቱ ሆድ መግባት አለበት። በ90 ዲግሪ ብቻ የታጠፈ ጫፍ መሬት ሲናጥ ይከፈታል። ርቀቱን የሚወስነው የመሐንዲሱ ሥዕል ነው፤ ፌራዮው በዓይኑ ልክ አይደረድርም።

ተማሪዎች ሦስቱን ያምታታሉ፦ «ሲሜንት»፣ «ሞርታር»፣ «ኮንክሪት»። ሲሜንት ዱቄቱ ነው። ሲሜንት፣ አሸዋና ውሃ ሞርታር ይሆናል፣ ብሎኬት የሚያያዝበት። ጠጠር ሲጨመርበት ኮንክሪት ነው። የሲሚንቶ ቤት ማለት ለእንግሊዝኛ ጆሮ የዱቄት ቤት ያህል ነው። ሲ 25 ለተባለው የጥንካሬ ደረጃ ኮንክሪት ሳይት ላይ የተለመደው ልክ 1 ለ 2 ለ 3 ነው፦ 1 ከረጢት የ50 ኪሎ ሲሚንቶ፣ 2 ሳጥን አሸዋ፣ 3 ሳጥን ጠጠር። ሳጥኑ 50 በ40 በ18 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 36 ሊትር ይይዛል፣ ከአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ይዘት ጋር ይቀራረባል። ውሃው 25 ሊትር ገደማ ነው፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ከዚያ ያነሰ። ብዙ ጊዜ የሚጠፋው እዚህ ነው። ቡኮው እንዲቀልላቸው ባልዲ ይደፉበታል፤ ኮንክሪቱ የማይፈልገው ትርፍ ውሃ ሲተን የነበረበት ቦታ ባዶ ቀዳዳ ይሆናል፣ ጥንካሬውም በዚያው ይወርዳል። በቫይብሬተር በደንብ ያልተነቀነቀው ደግሞ ቅርጽ ሰጪው ጣውላ ሲነሳ ጠጠሩ ተራቁቶ ይታያል። እንግሊዝኛው ይህን «ሃኒኮም» ይለዋል፣ የማር እንጀራ። እዚህም መጨረሻው ላይ የተጻፈ «ብ» አለ፣ አይነበብም። በቱንቢው ስም «ፕላም» ላይም ያው ነው።

ሕንፃው ዙሪያ የቆሙት አጣናዎች አንድ ይመስላሉ፤ ሥራቸው ግን ሁለት ነው። ግንበኛውና ለሳኙ የሚቆሙበት «ስካፎልዲንግ» ነው፣ ሰው ይሸከማል። ከሶሌታው ሥር ተደርድረው የቆሙት «ፕሮፕ» ናቸው፣ ያልጠነከረ ኮንክሪት ይሸከማሉ። ስካፎልዲንግ ሥራው ሲያልቅ ይነሳል። ፕሮፕ ግን ኮንክሪቱ እስኪጠና ይጠብቃል፤ ከ14 እስከ 21 ቀን ማቆየት የተለመደ ነው፣ የኮንክሪት ሙሉ ጥንካሬ የሚለካውም በ28ኛው ቀን ነው። አጣና ተፈልጎ ከሥር ቀድሞ የተነሳ ፕሮፕ ሶሌታውን ያጎብጠዋል፤ ጉብጠቱ አይመለስም።

አራተኛ ቀን፦ ደረጃና ሼድ

ኮንዶሚኒየም በእንግሊዝኛ የባለቤትነት ዓይነት ነው። ሕንፃውን «አፓርትመንት ብሎክ» ይበሉ፤ ይህ «ብሎክ» ከግድግዳው ብሎክ ጋር በስም ብቻ ይገናኛል። ደረጃው «ስቴርስ» ነው፣ ተንቀሳቃሹ መሰላል «ላደር»። የአንዱ ደረጃ ከፍታ «ራይዘር»፣ እግር የሚያርፍበት «ትሬድ»፣ መሀል ላይ የሚታጠፍበት ሰፊ ቦታ «ላንዲንግ»። ከወለል ወለል 306 ሴንቲ ሜትር ቢሆን በ17 ሲካፈል 18 ራይዘር ይወጣል። ሁለት ራይዘርና አንድ ትሬድ ተደምረው ከ60 እስከ 64 ሴንቲ ሜትር ሲሆኑ እግር ይመቸዋል፤ 17 እና 17 እና 29፣ 63። ሰው የሚወድቀው ደረጃው ከፍ ስላለ ብቻ አይደለም፤ አንዱ ከሌሎቹ 2 ሴንቲ ሲበልጥ ወይም ሲያንስ ነው። ይህም አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጠረው ሴራሚኩ ሲነጠፍ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ደረጃ ላይ የወለሉ ውፍረት ሳይታሰብ ሲቀር ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀ ሲሆን 52 ሼዶች አሉት። ከመንገዱ ሆኖ ማየት ይበቃል፣ ፎቶ ያለ ፈቃድ አይነሳም። እዚህ «ሼድ» የምንለው ሺህ ሠራተኛ የሚይዝ አዳራሽ ነው፤ በተለመደው እንግሊዝኛ ግን ሼድ ጓሮ ያለች አካፋና ዶማ የሚቀመጥባት ትንሽ ቤት ናት። «ፋክተሪ ቢልዲንግ» ቢሉ ማንም አይሳሳትም። አዳራሹ መሀል ላይ ምሰሶ ሳይበዛበት ሰፊ የሆነው የብረት ኮለሙና የጣሪያው ብረት በብሎን ጠብቀው እንደ አንድ ቅስት ስለሚሠሩ ነው። ስሙ «ፖርታል ፍሬም» ነው።

አምስተኛ ቀን፦ ሐይቁ ዳር

ሐዋሳ ሐይቅ ከላይ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ጥቁር ውሃ የተባለው ወንዝ ይገባበታል፣ የሚቀንሰው በአብዛኛው በትነት ነው። ዝናብ በበዛባቸው ዓመታት ውሃው ወደ ከተማው ስለሚያዘነብል በከተማው በኩል የአፈር መከላከያ ግድብ ተሠርቷል፤ ፍቅር ሐይቅ አካባቢ ሰዎች የሚንሸራሸሩት በዚሁ ዳር ነው። ቆቃ ወንዝን አቋርጦ ይዘጋል፤ ይህኛው ከውሃው ጎን ለጎን ሄዶ ከተማውን ይጠብቃል። ስለዚህ «ዳይክ» ነው። አናቱ «ክሬስት» ይባላል፣ በሁለተኛው ቀን የቆርቆሮው ጀርባ የተባለው ያው ቃል። ሁለቱ ዘንበል ያሉ ጎኖቹ «ስሎፕ»፣ ግርጌው «ቶው»፣ የእግር ጣት። ውሃ በላዩ ቢያልፍ «ኦቨርቶፒንግ»፣ በውስጡ ቀስ ብሎ ቢሰርግ «ሲፔጅ»። ስሎፑ ላይ ሣር ይጠቅማል። ትልቅ ዛፍ ግን ሲሞት ሥሩ በስብሶ ለውሃው መተላለፊያ ቱቦ ይተውለታል።

ዳር ዳሩን በሣር የተከደኑ ክብ ጎጆዎች ይታያሉ። የሣር ክዳን «ታች» ነው፣ ክብ ጎጆው «ሃት»። በሲዳማ ደጋ የሚሠራው የቀርከሃ ቤት ከእነዚህ ይለያል፤ ግድግዳና ጣሪያው እንደ ቅርጫት አብሮ ስለሚሸመን ቤቱን ለመግለጽ «ቢልት» ከማለት «ዎቨን» ማለት የቀረበ ነው።

መጨረሻው አሞራ ገደል ነው፣ አባ ኮዳ የተባሉት ትልልቅ ወፎች አሣ አጥማጆቹን ከበው የሚቆሙበት። ጀልባ የሚሳፈሩበት በውሃ ላይ የወጣ እንጨት ድልድይ ሊባል አይችልም፤ ድልድይ ሁለት ዳር ያገናኛል፣ ይህ ከአንዱ ዳር ተነስቶ ውሃ ላይ ያበቃል። «ጄቲ» ነው። ሐይቁ ውስጥ የተቸነከሩት እግሮቹ «ፓይል» ይባላሉ። ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ያለው የፓይሉ ክፍል አየር ስለማያገኝ ብዙ ይቆያል፤ ሁልጊዜ ከውሃ በላይ ያለውም እንዲሁ። የሚበሰብሰው ውሃው ከፍ ዝቅ በሚልበት፣ አንዴ እየራሰ አንዴ እየደረቀ በሚኖረው ክንድ በማይሞላው ቦታ ላይ ነው፤ ልክ እንደ ጭቃ ቤቱ እንጨት። ጄቲ ላይ ከመውጣትዎ በፊት ጎንበስ ብለው የሚያዩት እዚያን ነው።